በመቀስ የተቆረጠ ሥጋ

እራት ተባለ እንጂ ፀሐዩ ገና ያቃጥል ነበር። በዚያን ጊዜ ጁባ ውስጥ የእራት ግብዣ የሚጀመረው በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ በሩን ቆልፎ መቀመጥ አለበት። እትዬ ዘጠኛችንን በአንድ ሃይስ አሳፍረው ወሰዱን። እትዬ የምላቸው የምሠራበት ምግብ ቤት ባለቤት ናቸው። ቤቱ አማራት የሚባል ሰፈር ውስጥ ነው። እኔ ወጥ እሠራለሁ፣ ልጄ ሒሳብ ትቀበላለች። ወጥ ቤት ያሉት ልጆች ማዘር ነው የሚሉኝ።

ለምን ኮሪያ ቤት ሄድን ብትሉ፣ ምግብ ቤቱ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ተነሥቶ እትዬ ስለ ሥራው ሊነግሩን የፈለጉት ነገር ስለነበረ ነው። «የሐበሻ ቤት ብወስዳችሁ ገና ጎርሰን ሳንጨርስ ወሬው ማላኪያ ሰፈር ይደርሳል» አሉ። እውነታቸውን ነው። ጁባ ያለን ሐበሾች አንዳችን ሌላው ቤት ምን እንደተበላ ሳይቀር እናውቃለን።

የሠራተኛው ጉዳይ ያ ነበር። የእኔ ግን ሌላ ነው። ያን ቀን እትዬ ለልጄ አንድ ነገር ሊነግሩልኝ ቃል ገብተውልኛል። እሑድ ዕለት ለዓይናቸው ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ፤ ልጄን አብረው ይወስዷትና ናዝሬት እህቴ ጋ ያደርሷታል። ልጄ ግን አታውቅም። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አገር ቤት ብትገቢስ ብያት፣ ሁለቱንም ጊዜ ስቃብኝ ሄዳለች። እትዬን ግን ታከብራለች። «እኔን እምቢ አትለኝም፤ ከበላን በኋላ ሰው ሁሉ እየሰማ እነግራታለሁ» አሉኝ። እኔም አመንኩ።

እኛ ዘንድ ከባድ ነገር በሌላ ሰው አፍ ነው የሚነገረው። እኔ ስዳር አባቴ አንድ ቃል አልነገረኝም፤ የጎረቤት ሽማግሌ መጥቶ ነው የነገረኝ። አባቴ ራሱ ሲሞትም ሦስት ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በማለዳ ደጄ ላይ ቆሙ። እናት ልጇን ቁጭ አድርጋ «እንዲህ አስቤአለሁ፣ እንዲህ ፈርቻለሁ» ስትላት አይቼ አላውቅም። ስለዚህ እኔም ሰው ላክሁ።

ፍርሃቴን ልናገር። በፊተኛው ዓመት ሐምሌ ተኩሱ ሲመጣ የምግብ ቤቱ ዕቃ ቤት ውስጥ አራት ቀን ተኝተናል። የጤፍ ከረጢት በሩ ላይ ደርድረን ወለሉ ላይ ነበርን። እኔ ጫማዬን እግሬ ላይ ጥብቅ አድርጌ አስሬ ነው የተኛሁት፣ ሩጡ ቢሉን ብዬ። ልጄ ስቃ ልትሞት ደረሰች። «እማዬ፣ ጥይቱ ጫማሽን አይቶ ይመለሳል?» አለችኝ። ተኩሱ ቆመ፣ ከረጢቱን አነሳን፣ ጤፉን ጋገርነው። የእኔ ልብ ግን እዚያው ወለሉ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ እጄ ይሠራል፣ አፌ ይናገራል፣ ምንም አይሰማኝም። ፍርሃት ሲበዛ ልክ ጥርስ ሲነቀል እንደሚወጉት መርፌ ነው፤ ያደነዝዛል።

ከፋሲካ በፊት ደግሞ አንድ ሰውዬ መምጣት ጀመረ። ጠመንጃውን ባዶው ወንበር ላይ እንደ ሰው አስቀምጦ ሻይ ያዛል። ልጄን «ሐበሺያ» እያለ ይጠራታል፣ እሷም በእነሱ ዓረብኛ ትመልስለታለች፣ ያስቃታል። አንድ ቀን ሒሳቡን ሲከፍል የምታድሪው የት ነው አላት። እኔ በወጥ ቤቱ መስኮት ሰማሁ። «ከእናቴ ጋር ነዋ!» ብላ ሳቀች። እሱም ሳቀ። ያኔ ነው እትዬ ጋ የሄድኩት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እኔም እንዳልሄድ እህቴ ቤቷ ጠባብ ነው፤ አንድ ሰው እችላለሁ፣ ሁለት ግን አልችልም ብላኛለች።

ኮሪያ ቤቱ ጥሩ ቤት ነው። ማቀዝቀዣ አለው፣ ወለሉ ያበራል። ጠረጴዛው መሃል ላይ ክብ ጉድጓድ አለው፤ በላዩ ብረት ተደፍቶበታል። የሚያስተናግደን ዩጋንዳዊ ልጅ ምግቡ በፎቶ ያለበትን መጽሐፍ ለእትዬ ሰጣቸው። እትዬ መነጽራቸውን አውጥተው አገላበጡና ነጭ በነጭ የሆነ ሥጋ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «ይሄን፤ ለአሥር ሰው» አሉ።

መጀመሪያ ትንንሽ ሳህኖች መጡ። በበርበሬ የታሸ የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን፣ ባቄላ የሚመስል ነገር፣ የሰላጣ ቅጠል ሳይከተፍ እንዳለ፣ በትንሽ ሳህን ደግሞ ቀይ ድልህ። ቀጥሎ ሥጋው መጣ። ጥሬውን ነው፣ በስሱ ተቆራርጦ ትሪ ሙሉ። አጠገቡ መቀስ አስቀመጡ። ልጁ በእጁ «ቆይ» የሚል ምልክት አሳይቶን ወደ ጓሮ ሄደ።

እኛ ግን ምን እንቆያለን? ጥሬ ሥጋ ከነድልሁ ቀርቧል። ሐበሻ ፊት ጥሬ ሥጋ አስቀምጦ ቆዩ የሚል ሰው ሐበሻን አያውቅም።

ሥጋ ቆራጫችን ከሁሉ ቀድሞ ተነሣ። ይህ ሰው ሃያ ዓመት በሬ ሲበልት የኖረ ነው፤ ከደጅ ሆኖ ሥጋውን አይቶ በሬው ስንት ዓመቱ እንደነበረ ይናገራል። ትሪውን ወደ ራሱ ሳበ።

«እትዬ፣ ይሄ ጮማ ነው! ጁባ ውስጥ እንዲህ ያለ ጮማ አለ እንዴ?»

«እኔ ዝም ብዬ ነው የመረጥኩት?» አሉ እትዬ ደስ ብሏቸው። «ሰዎቹ እንደኛው ቁርጥ ይበላሉ ማለት ነው።»

«ቀለሙ ትንሽ ነጣ አለ ግን» አለች ልጄ።

«የወጣት በሬ ነዋ! አንቺ ሒሳብሽን ያዢ» አላት ሥጋ ቆራጩ።

«ጋሼ፣ ቢላው የታለ? በመቀስ ነው እንዴ የምትቆርጥልን? ልብስ ልትሰፋልን ነው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱም በመቀሱ ቁርጥ ቁርጥ አደረገና በሰላጣ ቅጠል ጠቅልሎ፣ ድልሁን አጥቅሶ «እንጀራቸው ይሄ መሆኑ ነው» እያለ በየተራ አጎረሰን። መጀመሪያ እትዬን፣ ከዚያ እኔን። ድልሁ ጣፋጭ ነበር፣ ስኳር የገባበት። ሥጋው ለስላሳ ነው፣ ጣዕሙ ግን ሩቅ ነው። ሦስት ጊዜ ጎረስኩ። ዓይኔ የእትዬ አፍ ላይ ነበር፤ አኝከው ውጠው መቼ እንደሚናገሩ ነው የምጠብቀው።

ያ ዩጋንዳዊ ልጅ የጋመ ከሰል በብረት ይዞ ሲመለስ ትሪው ግማሽ ደርሷል። ባለበት ቀረ።

«ኖ! ኖ ማዳም!»

ከእኛ እንግሊዝኛ የምትችለው አስተናጋጃችን ነበረች። ወላጆቿ የዚሁ የደቡብ ሱዳን ሰዎች ናቸው፣ እሷ ግን ጋምቤላ ስደተኛ ካምፕ ተወልዳ አድጋ ነው የመጣችው፤ አማርኛዋ ከእኔ የጠራ ነው። ጋምቤላዋ ነው የምንላት።

«ይሄ በእሳት ተጠብሶ ነው የሚበላው ይላል» አለች።

«እኛ አገር ጥሬውን ነው የምንበላው በይው» አሉ እትዬ ኮራ ብለው።

ነገረችው። ልጁ ትሪውን አየ፣ እኛን አየ፣ አንዲት ቃል ተናገረ። ጋምቤላዋ አፏን በእጇ ያዘች።

«ምን አለ?»

«እትዬ…»

«ምን አለ ንገሪን እንጂ!»

«አሳማ ነው አለ።»

ሥጋ ቆራጩ በአፉ የያዘውን አልተፋም፣ አልዋጠም። እንደዚያው እንደያዘ ወጥቶ ሄደ። በመስኮቱ ሳየው የውሃው በርሜል አጠገብ ጎንበስ ብሎ አፉን ይጉመጠመጣል፣ ይተፋል፣ እንደገና ይጉመጠመጣል። ሁለቱ እንጀራ ጋጋሪዎች ማማተብ ጀመሩ። አንዷ «በሃምሳው! በትንሣኤው ሰሞን!» አለች፣ በሌላ ጊዜ ቢሆን የሚቀልላት ይመስል። የበሩ ዘበኛ ቅጠሉን እንደጠቀለለ እጁ ላይ ይዞት ቀረ፤ የት እንደሚያስቀምጠው አላወቀም።

«ማን ነው ይሄን ያዘዘው?» አሉ እትዬ።

የመለሱት ራሳቸው ናቸው፣ መነጽራቸውን አውልቀው ቦርሳቸው ውስጥ በመክተት።

ባለቤቷ ኮሪያዊት መጣች፤ አጠር ያለች ሴት ናት። ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ ጎንበስ ቀና ብላ ይቅርታ ጠየቀች። የበሬ ሥጋ አስመጣች፣ ከሰሉን ጉድጓዱ ውስጥ አስገባች፣ ራሷ መጥበስ ጀመረች። ማን ይብላ? አሳማ ሲጠበስበት የኖረ ብረት የነካውን ማን ይነካል? የበሬው ሥጋ ብረቱ ላይ ተኮማትሮ ጠቆረ። ጋምቤላዋ ብቻ የተረፈውን አሳማ ስባ መጥበስ ጀመረች።

«ምን ታዩኛላችሁ? እኔ ጴንጤ ነኝ፣ እኔን አይመለከተኝም።»

ቸስ ቸስ የሚለው ድምፅ ነው የሚሰማው። እኛ እጃችንን ጭናችን ላይ አድርገን እሷ ስትበላ እናያለን። እኔ ደግሞ አልቀፈፈኝም። ሊያስመልሰኝ ይገባ ነበር፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የአሳማ ስሙ ሲጠራ ምራቄን የምተፋ ሰው ነኝ። ያን ቀን አሳማም ይሁን ጅብ፣ እትዬ ያሰቡትን ይናገሩልኝ እንጂ ግድ አልነበረኝም።

የእትዬ ፊት ግን ሌላ ሆነ። ዘጠኝ ሠራተኛ ጠርተው፣ ለብሰው፣ ተኳኩለው፣ በራሳቸው ጣት አሳማ አዘዙ። ማቀዝቀዣው እየነፈሰባቸው ያልባቸዋል። አንዷ ጋጋሪ «ወደ ቤት ብንሄድስ?» አለች በቀስታ፣ እሳቸው እንዲሰሙ አድርጋ። እትዬ ተነሥተው ቆሙ።

«እንግዲህ… የጠራኋችሁ ለዚህ አልነበረም» አሉ። እኔን አዩኝ። እኔ ራሴን ነቀነቅሁላቸው። ከጠረጴዛው ሥር የልጄን ጉልበት ያዝኩ። እጄ ቀዝቅዟል መሰለኝ፣ ደንገጥ አለች።

እትዬ ሌላ ቃል ጠፋቸው። የሰው ሁሉ ፊት እንደ ድንጋይ ነው። ልጄን አሳዘኗት፣ ልታግዛቸው ፈለገች፣ ነገሩ ይሄው ነው።

«እትዬ፣ አይዞዎት» አለች። «አሳማው ምን አደረገ? ሃያ ዓመት የቆረጠው ጋሼ እንኳ ወጣት በሬ ነው ብሎ መሰከረለት!»

ሥጋ ቆራጩ ከውጭ ገና መግባቱ ነበር፣ ከንፈሩ እንደረጠበ። በሩ ላይ ቆሞ ሰማት። ቀጥሎ ትከሻው ተነቃነቀ፣ ሳቀ። ያ ሰው ሲስቅ ጊዜ ሁሉም ሳቀ፣ ያማተቡትም ሳቁ፣ ዘበኛውም ቅጠሉን ጣለ። እትዬ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ልጄን በጣታቸው አመለከቱ።

«አያችሁ? እንዲህ ያለች ልጅ ናት የምታስፈልገኝ!» አሉ። «ቤቱን አልዘጋም። ልዘጋ ነው ያላችሁ ሁሉ ዋሽቷችኋል። በማንጋቴን ሰፈር በኩል ሁለተኛ ቤት ልከፍት ነው፣ ይቺ ልጅ ናት የምትይዘው!»

ተጨበጨበ። ልጄ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«እማዬ ሰማሽ? ሰማሽ ወይ?»

«ሰማሁ» አልኩ።

«ደስ አላለሽም?»

«ብሎኛል።»

እኔም አጨበጨብኩ። እጆቼ ሲጋጩ ድምፃቸው ተሰማኝ፣ መጋጨታቸው ግን አልተሰማኝም።

ስንወጣ እትዬን መኪናው አጠገብ ብቻቸውን አገኘኋቸው።

«እትዬ፣ ምነው?» አልኳቸው።

«እንዴት አድርጌ ልበላት?» አሉኝ፤ ዓይኔን አያዩም። «ሰው ሁሉ ፊቱን አዞረብኝ። በስንት መከራ የሳቀውን ሰው፣ ‹አንቺ ደግሞ ተባረሻል› ብዬ ላስለቅሰው? አላየሻትም ደስ ሲላት?»

«አይቻለሁ።»

«ቦታው አሁንም አለ። እስከ እሑድ ሦስት ቀን ነው። አንቺ ራስሽ ንገሪያት፣ እናቷ አይደለሽም?»

እናቷ ስለሆንኩ አይደል እሳቸውን የላክሁት? በሩን ከፍቼ ገባሁ።

መኪናው ውስጥ ልጄ አላረፈችም። ሥጋ ቆራጩን «ጋሼ ጮማ» የሚል ስም አወጣችለት፤ እሱም «እባክሽ ተይኝ፣ የንስሐ አባቴ ጋ ምን ብዬ እንደምቀርብ ጨንቆኛል» ይላል። ከኋላ የተቀመጠችው ጋምቤላዋ፣ ጠግባ ደስ ብሏት ነው መሰለኝ፣ ሳታስብ ተናገረችው።

«እኔ ግን እሑድ ከእትዬ ጋር አገርሽ ልትገቢ ነው ሲባል ሰምቼ ነበር። ማዘር ለጋጋሪዎቹ ስትነግር።»

ልጄ ሳቋን አቆመች። ወደ እኔ ዞረች። እኔ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ፤ መንገዱ ዳር የማንጎ ሻጮቹ ዕቃቸውን ይሰበስባሉ፣ ሞተረኞቹ የመጨረሻ ሰው ይፈልጋሉ። ቤታችን እስክንደርስ አንድ ቃል አልተናገረችም። ያቺ ልጅ ዝም ስትል እኔ አላውቅባትም።

ማላኪያ ያለችው ክፍላችን አንዲት ናት። ገና ብርሃን ነበር። እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ እኔ ሥራ አጣሁና የታጠበ ልብስ መልሼ ሳፋ ውስጥ ነከርኩ።

«ለጋጋሪዎቹ ነገርሽ» አለች። «ለእትዬ ነገርሽ። ለአክስቴም ነግረሻታል። እኔ ማን ነኝ?»

«ትስቂብኛለሽ ብዬ ነው።»

«እስቲ ንገሪኝ። አሁን አልስቅም።»

እጄ ውሃ ውስጥ ነው። ለእትዬ የነገርኩትን ያህል፣ ስለ ሰውዬው፣ ስለ ጠመንጃው፣ ስለ ዕቃ ቤቱ፣ ብዙ ነገር ልነግራት አስቤ ነበር። የወጣኝ ግን ትንሽ ነው።

«ልጄ፣ እፈራለሁ» አልኳት። «በጣም እፈራለሁ።»

ሳሙናው ከእጄ ሾልኮ ሳፋው ሥር ገባ።

«እኔም እፈራለሁ እኮ፣ እማዬ» አለች። «ያ ሰውዬ ሲመጣ እግሬ ይንቀጠቀጣል። ባንኮኒው ስለሚሸፍነኝ ነው የማይታየው። ባልስቅለት ምን ያደርገኛል ብዬ ነው የምስቀው። ያኔ ዕቃ ቤት ውስጥም አንቺ ጫማሽን አስረሽ ስትንቀጠቀጪ፣ ሁለታችንም ብንንቀጠቀጥ ማን ያረጋጋናል ብዬ ነው የሳቅሁት።»

እኔ ያቺን ልጅ አልፈራም ባይ ናት እያልኩ ያን ሁሉ ጊዜ ፈራሁላት። ከአሁን አሁን ይነግሩልኛል ብዬ ሰው እየላክሁ ስጠብቅ፣ እሷ አጠገቤ ተኝታ ትፈራ ነበር።

«እንግዲያው ሂጂ» አልኳት። «ቦታው አለ። እሑድ ነው።»

«አንቺስ?»

«እኔማ…»

አልጨረስኩትም። እህቴ አንድ ሰው ነው የምችለው እንዳለች ልነግራት አልቻልኩም፤ እሷ ግን ፊቴን አይታ ገባት መሰለኝ።

«ብቻዬን ከሄድኩ ለአንቺ ማን ይስቅልሻል?» አለች። «አልሄድም። ማንጋቴን ያ ሰውዬ አያውቀውም፣ እዚያ እሠራለሁ። ሁለታችንን የሚችል ሰው ሲገኝ እንሄዳለን።»

ቃል ሰጠችኝ፣ እኔም ተቀበልኩ። ጥሩ ነገር ይሁን መጥፎ አላውቅም፣ እስካሁንም አላውቅም። ልጄ በአፏ እውነቷን ስትነግረኝ ያ የመጀመሪያው ቀን ነው፤ ማልቀስ ነበረብኝ፣ ዓይኔ ግን ደረቅ ነበር።

እሑድ እትዬ ብቻቸውን በረሩ። ሰኞ ልጄ አዲሱን ቤት ለማሰናዳት ማንጋቴን ሥራ ጀመረች። ያ ሰውዬ ማክሰኞ መጥቶ ሻዩን አዘዘ፤ «ሐበሺያ ወይን?» አለ፣ የት ሄደች ማለቱ ነው። ሻዩን ራሴ ይዤለት ወጣሁ። አገሯ ገባች አልኩት፣ በማውቃት ትንሽ ዓረብኛ፣ ዓይኑን እያየሁ። ማንንም አልላክሁም።